ማስቲፍ የቱ ነው፦ ውሻው ወይስ ብረት ለበሱ?

«ማስቲፍ» ብቻውን ሲጠራ የእንግሊዙ ግዙፍ የውሻ ዝርያ ነው። ቡልማስቲፍ ሌላ ነው፤ 60 በመቶ ማስቲፍ፣ 40 በመቶ ቡልዶግ ተዳቅሎ የወጣ።

ይበልጥ የሚያምታታው ተሽከርካሪው ነው። የብሪታንያ ጦር «ማስቲፍ» የሚለው ባለ ስድስት ጎማ ብረት ለበስ መሠረቱ ኩጋር የተባለው አሜሪካ ሠራሽ ተሽከርካሪ ሲሆን፣ ተጨማሪ ብረትና የብሪታንያ ሬዲዮ ተገጥሞለታል። ባለ አራት ጎማው «ሪጅባክ»፣ ጭነት ተሸካሚው «ዎልፍሀውንድ» ይባላል፤ ሁሉም የውሻ ስም ነው።

ዋናው ቁም ነገር የተሽከርካሪው ሆድ ነው፦ እንደ ጀልባ ወደ ታች ስለሾለ ከሥሩ ፈንጂ ሲፈነዳ ግፊቱ ወደ ጎን ይሸሻል። ጠፍጣፋ ወለል ግን ግፊቱን ሙሉ በሙሉ ይቀበለዋል፤ የተሳፋሪ እግርና አከርካሪ የሚሰበረው በዚህ ነው። ጉድለቱ ክብደቱ ነው፤ ከ20 ቶን ስለሚበልጥ ረግረግ ላይ ይሰምጣል።