የመምህራን የሥራ እርካታ ምንድን ነው? በድሬዳዋና በሐረር ኮሌጆችስ እንዴት ይለካል?

የሥራ እርካታ ማለት ሰው ሥራውን ከሚፈልገውና ከሚጠብቀው ጋር አስተያይቶ ሲመዝነው የሚያድርበት በጎ ስሜት ነው። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ምሁር ኤድዊን ሎክ እ.ኤ.አ. በ1976 ያቀረበውና ዛሬም በሰፊው የሚጠቀሰው ትርጉም የቆመው በዚሁ ሐሳብ ላይ ነው። አንድ ቢሮ የሚጋሩ፣ እኩል ደመወዝ የሚያገኙና ተመሳሳይ ኮርስ የሚሰጡ ሁለት ሌክቸረሮች አንዱ ረክቶ ሌላው ተከፍቶ የሚገኘው ለዚህ ነው፤ ሥራቸው አንድ ቢሆንም የጠበቁት ይለያያል።

አንዳንድ የኮሌጅ አመራሮች እርካታን ከለቃቂዎች ቁጥር ለማንበብ ይሞክራሉ። ዘንድሮ የለቀቀ ስለሌለ መምህራኑ ደህና ናቸው የሚለው ድምዳሜ ግን አያስኬድም። ሳይረካ የሚቆይ ብዙ ነው፦ የትዳር ጓደኛው ሥራ ድሬዳዋ የሆነ፣ ልጆቹን ከትምህርት ቤት ማፈናቀል የማይፈልግ፣ ለትምህርት ሲላክ የፈረመው የአገልግሎት ግዴታ ያላለቀለት። በተቃራኒው ማስተማሩን እየወደደ፣ የቤት ኪራይ አልቻል ብሎት የሚሄድም አለ። እነዚህን ሁለት ሰዎች በአንድ ቁጥር መግለጽ አይቻልም።

ስለዚህ እርካታ የሚለካው ገጽታ በገጽታ ነው። ደመወዝ አንድ ገጽታ ነው፤ የማዕረግ ዕድገት ሌላ፤ የኃላፊ አያያዝ፣ ጥቅማ ጥቅም፣ ለጥሩ ሥራ የሚሰጥ ዕውቅና፣ ቢሮክራሲ፣ የሥራ ባልደረባ፣ ሥራው ራሱ፣ በመሥሪያ ቤቱ ያለው የመረጃ ልውውጥ ደግሞ ሌሎች። ይህ ባለዘጠኝ ክፍል አከፋፈል አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ምሁር ፖል ስፔክተር እ.ኤ.አ. በ1985 ካወጣው የሥራ እርካታ መጠይቅ የተወሰደ ነው። መጠይቁ በጠቅላላው 36 ጥያቄዎች አሉት፤ ለእያንዳንዱ ገጽታ 4። መልሱ ከ1 (ፈጽሞ አልስማማም) እስከ 6 (ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ) ይሰጣል። የአንድ ገጽታ ድምር ከ4 እስከ 24 ይሆናል፤ ከ12 በታች ቅሬታን፣ ከ16 በላይ እርካታን ያሳያል፤ በመካከል ያለው ወላዋይ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ የማስተርስ ጥናት የሚበላሽበት ቦታ አለ። ከ36ቱ ጥያቄዎች 19ኙ የተጻፉት በአሉታዊ አነጋገር ነው፤ የደመወዝ ጭማሪ ከስንት አንዴ ነው እንደሚል ዓይነት። በእነዚህ ላይ የተሰጠው ቁጥር ከ7 ተቀንሶ መገልበጥ አለበት፤ 6 የነበረው 1፣ 5 የነበረው 2 ይሆናል። ሳያነብ ሁሉንም 6 ያከበበ ሰው ሳይገለበጥ ሲደመር 216፣ ማለትም ከሁሉ በላይ የረካ ሆኖ ይወጣል፤ ሲገለበጥ ግን ውጤቱ 121 ነው። ከመተንተን በፊት ከላይ እስከ ታች አንድ ቁጥር ብቻ የተከበበባቸውን ወረቀቶች ለይቶ ማውጣት ጥናቱን ያድናል።

ሌላው ስሕተት አማካይን ማመን ነው። አሥር መምህራን ካሉበት ትምህርት ክፍል አምስቱ 5፣ አምስቱ 1 ቢሰጡ አማካዩ 3 ነው። ሪፖርቱ እርካታው መካከለኛ ነው ይላል፤ በዚያ ክፍል ውስጥ ግን መካከለኛ ስሜት ያለው አንድም ሰው የለም። ከአማካዩ ጎን ስንት ሰው የት ላይ እንደቆመ ማሳየት የግድ ነው።

የሥራ ሁኔታ ከእርካታ ጋር ያለውን ግንኙነት በተመለከተ ስሙ የሚነሣው አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ምሁር ፍሬድሪክ ኸርዝበርግ ነው። እ.ኤ.አ. በ1959 ከሥራ ባልደረቦቹ ጋር ባሳተመው፣ ወደ 200 የሚጠጉ መሐንዲሶችንና የሒሳብ ባለሙያዎችን በጠየቀ ጥናት፣ ደመወዝ፣ አስተዳደርና የሥራ ቦታ ሲጓደሉ ያስከፋሉ፤ ሲሟሉ ግን ቅሬታን ከማጥፋት አልፈው አያረኩም፤ የሚያረካው ሥራው ራሱ፣ ውጤቱና ዕውቅናው ነው አለ። ሐሳቡ ይጠቅማል፤ ነገር ግን ሁለቱን እንዲህ በአጥር መለየት ለመምህር ሥራ አይሆንም። ምክንያቱን ለማየት የሎድ ፎርምን፣ ማለትም የመምህሩ የማስተማር ሰዓት የሚሞላበትን ቅጽ፣ ማየት ይበቃል።

አንድ መምህር ባለ 3 ክሬዲት ኮርስ ለሁለት ሴክሽን ይሰጣል እንበል፤ በየሴክሽኑ 60 ተማሪ አለ። በፎርሙ ላይ የሚታየው በሳምንት 6 ሰዓት ማስተማር ነው። ፋይናሉ የማብራሪያ ጥያቄ ካለው አንዱን ወረቀት ማረም 15 ደቂቃ ቢፈጅ፣ 120 ወረቀት 1,800 ደቂቃ ይወስዳል፤ ይህም 30 ሰዓት ነው። ሚዱ፣ አሳይመንቱና የመመረቂያ ጽሑፍ ማማከሩ ገና አልተቆጠሩም። ውጤት ማስገቢያው ቀን ሲደርስ መምህሩ የሚያደርገው የታወቀ ነው፦ በሚቀጥለው ሴሚስተር ምርጫና እውነት ሐሰት ብቻ ያወጣል። ያኔ የተማሪውን አስተሳሰብ በጽሑፍ ማየቱ ይቀራል፤ ከማስተማር የሚያገኘው ደስታም አብሮ ይሄዳል። የሥራ ሁኔታ የተባለው ጫና ሥራውን ራሱን ለወጠው። ለዚህ ነው የሴክሽን መጠንን እንደ ተራ አስተዳደራዊ ጉዳይ ማየት ትልቅ ስሕተት የሚሆነው።

የስፔክተር መጠይቅ ሌላም ክፍተት አለው፤ ስለ ክፍሉ፣ ስለ መብራቱ፣ ስለ ውኃው አይጠይቅም። የሥራ ሁኔታ ተብሎ የሚተረጎመው፣ ከላይ ቢሮክራሲ ያልነው ገጽታ ስለ ደንብ፣ ስለ ወረቀት ሥራ ብዛትና ስለ ጫና ብቻ ነው። ይህ ለድሬዳዋ አይበቃም። ድሬዳዋ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,200 ሜትር ላይ ናት፤ ሐረር ግን ከ1,800 ሜትር በላይ። በግንቦትና በሰኔ ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ መብራት ጠፍቶ ፋኑ የቆመበት፣ ቆርቆሮ ጣሪያ ያለው ክፍል ውስጥ ሁለት ሰዓት ማስተማር በታኅሣሥ ጠዋት ከማስተማር ጋር አንድ አይደለም። ስለ ክፍል ሙቀት፣ ስለ ኤሌክትሪክና ኢንተርኔት፣ ስለ ላብራቶሪ ዕቃ ከአምስት እስከ ስምንት ጥያቄ መጨመር ይቻላል፤ ነገር ግን ለብቻቸው ይደመሩ፤ ከ36ቱ ጋር ከተቀላቀሉ ውጤቱን ከሌላ ቦታ ጥናት ጋር ማወዳደር አይቻልም። መጠይቁ የተሞላበት ወርም መጻፍ አለበት። ድሬዳዋን በሰኔ፣ ሐረርን በታኅሣሥ ለክቶ ሐረር ተሻለች ማለት የአየር ንብረት እንጂ የአስተዳደር ልዩነት ላያሳይ ይችላል።

በሐረር የጤና ትምህርት መምህራን ደግሞ የራሳቸው ጉዳይ አላቸው። በሐረማያ ዩኒቨርሲቲ የጤናና ሕክምና ሳይንስ ኮሌጅ የሕክምና መምህር ሕይወት ፋና ሆስፒታል ውስጥ እያከመ ያስተምራል። ስለ ሥራህ ምን ይሰማሃል ሲባል ስለ ተማሪው ይመልስ ስለ ተረኝነቱ አይታወቅም፤ ጥያቄዎቹ ለሁለቱ ሥራዎች ተለይተው መቅረብ አለባቸው። በግል ኮሌጅ በሰዓት የሚከፈለው መምህርም ስለ ጥቅማ ጥቅም ቢጠየቅ የሚመልሰው የለውም፤ የእሱ ጥያቄ የክፍያ ቀንና በሚቀጥለው ሴሚስተር ኮርስ የማግኘት ዋስትና ነው።

መልሱ እውነተኛ እንዲሆን ከሁሉ በላይ የሚያስፈልገው ማንነትን መጠበቅ ነው። 14 መምህራን ባሉበት ክፍል ፆታ፣ ማዕረግና የአገልግሎት ዘመን አብረው ከተጠየቁ ብቸኛዋ ሴት ረዳት ፕሮፌሰር ስሟን የጻፈች ያህል ትታወቃለች። ከአምስት ሰው በታች የሆነ ምድብ ለብቻው አይውጣ። ወረቀቱን የትምህርት ክፍል ኃላፊው ከሰበሰበ ደግሞ የኃላፊ አያያዝ የሚለው ገጽታ ያለ ምክንያት ከፍ ብሎ ይገኛል፤ ሌላ ክፍል ይሰብስብ፣ ወይም የተዘጋ ሣጥን ይቀመጥ።

ውጤቱ ሲወጣ ገጽታዎቹን ማን ሊያስተካክላቸው እንደሚችል መለየት ይገባል። የደመወዝ እርከን በትምህርት ክፍል አይወሰንም። የፕሮግራም ድልድል፣ የፈተና ጥበቃ ተራ፣ የሴክሽን ክፍፍል፣ የከሰዓት ክፍለ ጊዜ ለማን እንደሚሰጥ ግን እዚያው ይወሰናል፤ ለውጡ ከእነዚህ ቢጀመር መምህሩ መልሱ እንደተነበበ ያያል። ልኬቱ በዓመቱ በዚያው ወር፣ በዚያው መጠይቅ ይደገም፤ በመካከል የለቀቁት ስንት እንደሆኑም ከውጤቱ ጎን ይጻፍ፤ የተከፋው ሁሉ ሄዶ ከሆነ ቁጥሩ የሚሻሻለው ምንም ሳይስተካከል ነውና።