ስለ ጅማ ረግረጋማ ቦታዎች የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

በጅማ ከተማ መሐል የሚያልፈው የአዌቱ ወንዝ ከግልገል ጊቤ ወንዝ ጋር ከመቀላቀሉ በፊት በቦዬ ረግረጋማ መሬት ላይ ይንጣለላል። ስለዚህ ረግረግ በከተማችን ከሚነገረው ብዙው ከእውነታው የራቀ ነው፤ ይበልጥ የሚያስቆጨው ደግሞ የተሳሳተው አመለካከት መሬቱን ለመቆፈርና ለማጠንፈፍ ምክንያት ሆኖ መቅረቡ ነው።

«ረግረግ ጦሙን ያደረ መሬት ነው» የሚለው ከሁሉ በላይ የተለመደ ነው። ነገር ግን በበጋ የተዳፋቱ ሣር ሲደርቅ አርሶ አደሩ ከብቶቹን የሚያሰማራው ጨፌው ላይ ነው፤ ለጎጆ ክዳን የሚታጨደው ሣርም ሆነ በበዓልና በቡና ሥርዓት የሚጎዘጎዘው ቄጠማ ከዚያው ይመጣል። በክረምት ደግሞ ከአስፋልቱና ከቆርቆሮ ጣሪያው ላይ በአንድ ጊዜ የሚወርደውን ጎርፍ ረግረጉ ተቀብሎ በስፋት ይዘረጋዋል፤ ኃይሉንም ሰብሮ ቀስ በቀስ ይለቀዋል። የቦዬ ጉማሬዎችና አናቱ ላይ ወርቃማ ላባ ያለው ጥቁር ባለዘውድ ክሬን የተባለው ወፍም ኑሯቸው ከዚህ ውሃ ጋር የተያያዘ ነው።

«ረግረጉ ካልደረቀ ወባ አይጠፋም» የሚለው ግን በቀላሉ የሚጣል አይደለም፤ ወባ በአካባቢያችን ክረምቱ ሲወጣ፣ ከመስከረም እስከ ኅዳር፣ የሚበረታ በሽታ በመሆኑ ስጋቱ እውነተኛ ነው። ስህተቱ ያለው ትንኟ የምትራባበትን ቦታ በመለየት ላይ ነው። በኢትዮጵያ ዋነኛዋ የወባ አስተላላፊ አኖፌለስ አረቢየንሲስ እንቁላሏን መጣል የምትመርጠው ፀሐይ በሚያሞቀው፣ ጥልቀት በሌለውና ጊዜያዊ በሆነ ውሃ ላይ ነው። ጥቅጥቅ ያለ ቄጠማ ውሃውን ያጠላል፣ ያቀዘቅዘዋልም፤ በውስጡ የሚኖሩ ዓሦችና አዳኝ ነፍሳትም የትንኝ እጮችን ይመገባሉ። በአንጻሩ በረግረጉ ዳር ለጡብ ሥራ አፈር የወጣበትን ጉድጓድ ዝናብ ከሞላው በኋላ ቀርቦ የተመለከተ ሰው ዕፅዋት የሌለበት ደፍራሽ ውሃና በገጹ ላይ በአግድም የተኙ ጥቃቅን እጮችን ሊያይ ይችላል። ኩሌክስ የተባለችው ሌላዋ የትንኝ ዓይነት እጭ መተንፈሻ ቱቦ ስላላት ጭንቅላቷን ዘቅዝቃ ትንጠለጠላለች፤ የአኖፌለስ እጭ ግን ይህ ቱቦ ስለሌላት ከውሃው ገጽ ጋር ተስተካክላ ትተኛለች። እንግዲህ ረግረጉን መቆፈር ወባን የሚቀንስ ሳይሆን ለትንኟ መራቢያ የሚጨምር ነው። ጡብ ሠራተኞቹ የዕለት ጉርሳቸው በዚሁ ሥራ ላይ የተመሠረተ በመሆኑ እነርሱን ማውገዝ ተገቢ አይመስለኝም፤ የሚያስፈልገው አፈር የሚወጣበት ቦታ ከረግረጉ ውጭ እንዲወሰንና የተቆፈረው ጉድጓድ ከክረምት በፊት እንዲደፈን ማድረግ ነው።

«ባሕር ዛፍ ቢተከልበት አረንጓዴ ይሆናል» ለሚሉ ወገኖች መልሱ አጭር ነው። ባሕር ዛፍ በተራቆተ ተዳፋት ላይ ለማገዶና ለቤት ሥራ ይጠቅማል፤ በረግረግ ላይ ግን ውሃውን መጥጦ ቄጠማውን ያጠፋል፣ በውሃ ተሸፍኖ ለዘመናት የተከማቸው የዕፅዋት ቅሪትም ሲደርቅ እየበሰበሰ ካርቦን ወደ አየር ይለቃል።

የረግረግ ወዳጆች ጭምር የሚሳሳቱበት አመለካከትም አለ፤ «ረግረጉ ስለሚያጣራው የከተማው ፍሳሽ አያሳስብም» ይላሉ። ማጣራቱ እውነት ነው፤ ቄጠማው ውሃውን ሲያዘገየው ደለሉ ይዘቅጣል፣ አየር በማይደርሰው ጭቃ ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎችም ናይትሬትን ወደ ናይትሮጅን ጋዝ ይለውጣሉ። ፕላስቲክን ግን ሊያስወግደው አይችልም፤ ከባድ ብረቶችም በጭቃው ውስጥ ይከማቻሉ እንጂ አይጠፉም። የሚችለው ልክ ሲያልፍ ጉዳቱ በቦዬ አይወሰንም፤ ረግረጉ ያላስቀረውን ደለል ግልገል ጊቤ በ1996 ዓ.ም. ሥራ ወደ ጀመረው፣ 184 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ወዳለው የግልገል ጊቤ አንድ ግድብ ይዞት ይወርዳል፤ እዚያ የሚዘቅጠው ደለልም ግድቡ ሊይዝ የሚችለውን ውሃ ይቀንሳል።