«ዛፍ አቅፈው ነው ያስቆሙት» እና ስለ ጥንታዊ ደን ዘመቻ የሚነገሩ ሌሎች ስህተቶች

ስለ ደን ዘመቻ ሲወራ ቀድሞ የሚታየን ምስል አንድ ነው። ግዙፍ ዛፍ፣ ራሱን በሰንሰለት ያሰረ ወጣት፣ እየጎተተ የሚያነሳው ፖሊስ። ምስሉ ውሸት አይደለም። ግን የዘመቻው ዋና ሥራ ካሜራ የማይገባበት ቦታ ነው የሚሠራው። ካርታ ላይ፣ ፍርድ ቤት፣ ጣውላ ገዢ ድርጅት ቢሮ ውስጥ፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ «መሬቱ የማን ነው?» በሚለው ጥያቄ ዙሪያ።

ምሳሌዬ የካናዳዋ ብሪቲሽ ኮሎምቢያ ግዛት ናት። ተራ ሰዎች ለጥንታዊ ደን ሕግ እንዲወጣ ከ40 ዓመት በላይ የታገሉባት ስለሆነች ብዙ ታስተምራለች። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

«ካናዳ ደን በደን ናት፤ ምን ያንጫጫቸዋል?»

ይሄ ግማሽ እውነት አለው፤ ለዚህም ነው የማይሞተው። በግዛቷ የባሕር ዳርቻ አንድ ደን «ጥንታዊ» የሚባለው ዛፎቹ 250 ዓመት ሲያልፋቸው ነው። ወደ መሀል አገር ሲገባ ደግሞ ለብዙዎቹ የደን ዓይነቶች 140 ዓመት ይበቃል። በዚህ መለኪያ መንግሥት 13.2 ሚሊዮን ሄክታር ጥንታዊ ደን አለ ይል ነበር። ይህን የሰማ ሰው «ታዲያ ምን ጎደላችሁ?» ቢል አይፈረድበትም።

በ2020 ሦስት የሥነ ምህዳር ባለሙያዎች የመንግሥትን የራሱን መረጃ ይዘው ቁጥሩን ገለጥ አድርገው አዩት። ከጠቅላላው 80 በመቶ ያህሉ ትንንሽ ዛፍ ብቻ የሚያበቅል መሬት ሆኖ ተገኘ። ረግረግ ነው፣ የተራራ ጫፍ ነው፣ ጭንጫ ነው። ዛፉ አርጅቷል፤ ግን ቀጭን ነው፤ ኩባንያውም ዞር ብሎ አያየውም። ጥንታዊ ደን ሲባል ሁላችንም የምናስበው፣ ሰዎች እጅ ለእጅ ተያይዘው ዙሪያውን የማይሞሉት ዛፍ ያለበት ለም መሬት ግን 3 በመቶ ገደማ ብቻ ነበር። ኩባንያዎቹ የሚፈልጉትም እሱኑ ነው። ጠቡ ሁሉ እዚያች 3 በመቶ ላይ ነው።

እኔ ከጠቅላላው ዘመቻ አንድ ነገር ምረጥ ብባል ይህን ቆጠራ እመርጣለሁ። ከዚያ በኋላ «ደን ሞልቷል» የሚለው መልስ ውሃ የማይቋጥር ሆነ።

«ይቆረጥ፤ መልሶ ይተከላል»

እኛም አገር ክረምት በመጣ ቁጥር ችግኝ ስለምንተክል ይህን አባባል ጆሯችን ለምዶታል። ችግኝ መትከል ጥሩ ነው፤ የተራቆተ መሬት ላይ። ብሪቲሽ ኮሎምቢያ ውስጥም የመትከል ችግር የለም። ከ1987 ጀምሮ የቆረጠ ኩባንያ ደኑን መልሶ እንዲያለማ በሕግ ይገደዳል።

ችግሩ ሌላ ነው። ማርብልድ መሬሌት የምትባል ትንሽ የባሕር ወፍ አለች። ቀኑን ባሕር ላይ ዓሣ ስታድን ትውላለች፤ ለመውለድ ግን ወደ ደን ትገባለች። ጎጆ አትሠራም። ባረጀ ዛፍ ሰፊ ቅርንጫፍ ላይ ወፍራም የዛፍ ሽበት (ቅርንጫፉን እንደ ምንጣፍ የሚሸፍን ለስላሳ አረንጓዴ ልባስ) ትፈልግና አንዲት እንቁላል ብቻ ትጥላለች። እንቁላሏ የሚቀመጠው ከመሬት በጣም ርቆ ስለሆነ ሳይንቲስቶች በሰሜን አሜሪካ ዛፍ ላይ እንቁላል የምትጥልበትን ቦታ ለመጀመሪያ ጊዜ ያዩት በ1974 ነው፤ እሱም አንድ ዛፍ የሚወጣ ሠራተኛ ድንገት ስላገኘው። በተተከለ የ50 ዓመት ዛፍ ላይ ያ ቅርንጫፍ የለም። ሽበቱም የለም። ኩባንያው ደግሞ 250 ዓመት ቁጭ ብሎ አይጠብቅም፤ እንጨቱ ለገበያ እንደደረሰ ተመልሶ ይቆርጠዋል።

በነገራችን ላይ በዚያ ባሕር ዳርቻ ከሺህ ዓመት በላይ የኖሩ የቀይ ሴዳር ዛፎች አሉ። ላሊበላ ሲፈለፈል ትልልቅ ዛፎች ነበሩ ማለት ነው።

«የታሰሩት ሰልፍ ስለወጡ ነው»

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፤ ነገሩ ወዲህ ነው። ሰልፍ መውጣት በካናዳ ወንጀል አይደለም። ሰዎች የጣውላ መኪና የሚያልፍበትን መንገድ ሲዘጉ ኩባንያው ፍርድ ቤት ሄዶ የእግድ ትእዛዝ ያወጣል። ከዚያ በኋላ መንገዱ ላይ የተገኘ ሰው ጥፋቱ ችሎት መድፈር ነው። ዳኛው «ደኑ ይጠበቅ ወይስ ይቆረጥ?» ብሎ አይጠይቅም። የሚጠይቀው «ትእዛዙን ታውቅ ነበር ወይ? ጣስከው ወይ?» ብቻ ነው። ተከሳሽ ስለ ወፍና ስለ ዓሣ ቀኑን ሙሉ ቢናገር የሚጠቅመው ነገር የለም።

በ1993 በጋ በቫንኩቨር ደሴት፣ ክላዮኩዎት ሳውንድ በተባለ የባሕር ዳርቻ አካባቢ የሆነው ይህ ነው። በሚያዝያ መንግሥት የአካባቢውን ደን አብዛኛውን ክፍል ለቆረጣ ክፍት አደረገ። በበጋው ከ10 ሺህ በላይ ሰው ወደዚያ ጎረፈ። የሰፈሩት «ብላክ ሆል» በተባለ፣ ሙልጭ ተደርጎ በተመነጠረ ቦታ ላይ ነው። ማታ ስብሰባና የሰላማዊ ትግል ሥልጠና አለ። ሊነጋጋ ሲል ሁሉም ወደ ኬኔዲ ወንዝ ድልድይ ይሄዳል። መኪኖቹ ይመጣሉ። የኩባንያው ሰው የእግዱን ቃል በድምፅ ማጉያ ያነባል። መታሰር የማይፈልግ ወደ ዳር ይወጣል፤ የቀረው መንገዱ ላይ ይቀመጣል። ፖሊስ አንድ በአንድ ተሸክሞ አውቶቡስ ውስጥ ያስገባቸዋል። በማግስቱ እንደገና። ከታሳሪዎቹ ውስጥ የዕድሜ ባለጸጋ እናቶች ነበሩ፤ ቄስም፣ መምህርም። በጋው ሲያልቅ የታሰረው ሰው ከ800 በልጦ ነበር፤ ፍርድ ቤቱም በቡድን በቡድን ነበር ያስቻለው።

የእግዱ ንባብ ቀልድ እንዳልሆነ ደግሞ ከ30 ዓመት በኋላ ታየ። በ2020 በዚያው ደሴት ፌሪ ክሪክ በሚባል ሸለቆ አዲስ የመንገድ መዝጋት ተጀመረ፤ በሁለት ዓመት ውስጥ ከ1,100 በላይ ሰው ታሰረ። በ2023 ግን አንድ ተከሳሽ በነጻ ተለቀቀ። ፖሊስ የትእዛዙን ሙሉ ቃል ሳይሆን አጠር ያለ ጽሑፍ ብቻ ነበር ያነበበው። ይህን ተከትሎ ዐቃቤ ሕግ ከመቶ በላይ በሆኑ ሌሎች ሰዎች ላይ የመሠረተውን ክስ አነሳ።

«ነባር ሕዝቦችና የደን ተሟጋቾች አንድ ናቸው»

አንዳንዴ አዎ። በ1984 አውሮፓውያን ከመምጣታቸው በፊት ጀምሮ በዚያ የኖረው የትላ-ኦ-ኩዊ-አት ሕዝብ ሚርስ የተባለችውን ደሴት የጎሣ ፓርክ ብሎ አወጀ። ቆራጮች በጀልባ ሲመጡ መሪው ሞዝስ ማርቲን ባሕሩ ዳር ተቀበሏቸው። መልእክታቸው በአጭሩ ይህ ነበር፦ ይህ የአትክልት ቦታችን ነው፤ እንግዳ ሆናችሁ ግቡ፤ መጋዛችሁን ግን ጀልባው ላይ ተዉት። በ1985 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት የመሬት ይገባኛል ጥያቄው እስኪፈታ ቆረጣው እንዲቆም አዘዘ። አንድም ሕግ ሳይወጣ ደሴቲቱ ተረፈች። ያተረፋት ስለ ዛፍ ውበት የተደረገ ንግግር ሳይሆን የመሬት ባለቤትነት ክርክር ነው።

ፌሪ ክሪክ ላይ ግን ነገሩ ተወሳሰበ። የፓቺዳት ሕዝብ መሪዎች በ2021 ከውጭ የመጡት ተቃዋሚዎች አካባቢውን እንዲለቁ ጠየቁ። ከደን ሥራ ገቢ ነበራቸው፤ በመሬታችን ላይ የምንወስነው እኛ ነን አሉ። አንድ የራሳቸው ሽማግሌ ደግሞ ከተቃዋሚዎቹ ጎን ቆሙ። በሰኔ ፓቺዳትን ጨምሮ ሦስት ነባር ሕዝቦች ቆረጣው ለሁለት ዓመት ይቆይልን ብለው ሲጠይቁ መንግሥት በቀናት ውስጥ እሺ አለ። ወራት የፈጀው መንገድ መዝጋት ግፊት አልፈጠረም አልልም። ፊርማው የመጣው ግን ከባለ መሬቶቹ ነው። ይህን የማይዋጥላቸው ተሟጋቾች ዛሬም አሉ።

«ለጠቅላይ ሚኒስትሩ አቤት ማለት ነው»

አይደለም። በካናዳ ደን የግዛቶች ሥልጣን ነው። ከብሪቲሽ ኮሎምቢያ መሬት ከ90 በመቶ በላዩ የመንግሥት ነው፤ የመቁረጥ ፈቃድ የሚሰጠው የግዛቱ መንግሥት ነው። ወደ ፌዴራል መንግሥቱ መቀመጫ ኦታዋ የተላከ ደብዳቤ በትሕትና መልስ ያገኝ ይሆናል እንጂ አንድ ዛፍ አያስቀርም።

«ኩባንያ የሚፈራው ሕግን ብቻ ነው»

ኩባንያ ከሁሉ በላይ የሚፈራው ደንበኛ ማጣትን ነው። ዘመቻ አድራጊዎቹ ይህን የተረዱት በ1990ዎቹ ነው። ፓርላማውን አልፈው እንጨቱን የሚገዙትን የአውሮፓና የአሜሪካ ድርጅቶች ማንኳኳት ጀመሩ። በ1999 ሆም ዲፖ፣ ያ ግዙፉ የአሜሪካ የግንባታ ዕቃ መደብር፣ ለአደጋ ከተጋለጠ ደን የመጣ እንጨት መሸጥ እንደሚያቆም አስታወቀ።

ከዚያ በኋላ ነው «ግሬት ቤር» በሚባለው የሰሜኑ ባሕር ዳርቻ ደን ጉዳይ ሆድና ጀርባ የነበሩት ኩባንያዎችና ተሟጋቾች ለድርድር የተቀመጡት። 26 ነባር ሕዝቦች ከመንግሥት ጋር ተደራደሩ። በ2016 ሕግ ወጣ፦ 6.4 ሚሊዮን ሄክታር በሚሸፍነው አካባቢ ካለው ደን 85 በመቶው ለኢንዱስትሪ ቆረጣ ዝግ ሆነ። በቀሪው ላይ ጥብቅ ደንብ ተቀመጠ። ሕጉ መጨረሻ ላይ ነው የመጣው፤ ገበያው ቀድሞታል።

«የሠራተኛውን እንጀራ የነጠቁት ተሟጋቾች ናቸው»

ይህን በቀላሉ «ውሸት» ብሎ ማለፍ ለሠራተኛው አለማሰብ ነው። ደን ሲዘጋ የሚዘጋ የሥራ ቦታ አለ። በ1994 በሺዎች የሚቆጠሩ የደን ሠራተኞች በዋና ከተማዋ ቪክቶሪያ ፓርላማ ፊት ወጥተው ጮኸዋል፤ ጩኸታቸው የእንጀራ ጩኸት ነበር። ግን ሒሳቡን ሁሉ በተሟጋቾች ላይ መጻፍ ትክክል አይደለም። የብዙ ሰው ሥራ በማሽን ተተክቷል። ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ አንድ የጥድ ጥንዚዛ በመሀል አገሩ ያለውን ለገበያ የሚሆን ጥድ ከግማሽ በላይ ጨርሶታል። አሜሪካ በካናዳ ጣውላ ላይ የምትጥለው ቀረጥም አለ። ከሁሉም በላይ ትልልቆቹ ዛፎች እያለቁ ነው፤ ቢከለከልም ባይከለከልም።

«ሕግ ወጣ፣ አለቀ»

በ2020 መንግሥት ራሱ ያሰማራቸው ሁለት የደን ባለሙያዎች 14 ምክረ ሐሳብ አቀረቡ። መንግሥት ተቀበልኩ አለ። በኅዳር 2021 ቆረጣ ሊቆይባቸው ይገባል የተባሉ 2.6 ሚሊዮን ሄክታር ጥንታዊ ደኖች በካርታ ተለዩ። «ይቆይ» ማለት ግን «ተከለከለ» ማለት አይደለም። ጊዜያዊ ነው፤ የየአካባቢው ነባር ሕዝብ ስምምነትም ይጠየቃል።

የክብር ስምም ሕግ አይደለም። ክላዮኩዎት ሳውንድ በ2000 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ሆኖ ተመዘገበ፤ ከፋ፣ ያዩና ሸካም ያላቸው ማዕረግ ነው። ማዕረጉ በራሱ መጋዝ አያስቆምም። እዚያ 76 ሺህ ሄክታር ያህል መሬት በሕግ የተጠበቀው በሰኔ 2024 ነው፤ ድልድዩ ላይ ሰው ከታሰረ ከ31 ዓመት በኋላ። የፌሪ ክሪኩ የሁለት ዓመት የ«ይቆይ» ውሳኔ ደግሞ በ2023 እና በ2025 ተራዘመ እንጂ እስከዚያ ድረስ ወደ ቋሚ ሕግ አልተለወጠም።