የመኪና በር መውረድ ምንድን ነው?

በር ወረደ የሚባለው መቆለፊያው ያለበት የኋላ ጫፉ ከቦታው ዝቅ ሲል ነው። ሲዘጋ ከበሩ ኋላ ባለው የመኪናው ምሰሶ ላይ የታሰረውን መያዣ ብረት መትቶ ወደ ላይ እየተነሳ ይገባል፣ ሲከፈት ዝቅ ይላል። የዙሪያው ጎማ እኩል ስለማይጨመቅም ውሃና ነፋስ ያስገባል። ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚወርደው የሹፌሩ በር ነው፤ አብዝቶ ይከፈታል፣ ሰውም ሲወርድ ይደገፈዋል።

ዋናው ምክንያት የማጠፊያው ፒንና ቡሽ (ፒኑ ውስጡ የሚዞርበት ቀለበት) መበላት ነው። የበሩ ክብደት የላይኛውን ማጠፊያ ወደ ኋላ ይስባል፣ የታችኛውን ማጠፊያዎቹ ወደታሰሩበት የፊት ምሰሶ ይገፋል። ሁለቱ ማጠፊያዎች በ40 ሳንቲ ሜትር ቢራራቁና ከማጠፊያው እስከ መቆለፊያው 1 ሜትር ቢሆን፣ የላይኛው ማጠፊያ ላይ የተፈጠረ የ1 ሚሊ ሜትር ልልነት መቆለፊያው ጋ 2.5 ሚሊ ሜትር ያወርዳል።

ለመለየት በሩን ግማሽ ከፍቶ የታችኛውን የኋላ ጫፍ ይዞ ማንሳት፣ ሌላ ሰው ደግሞ ማጠፊያዎቹን ይመልከት። ፒኑ ውስጥ ከተነቀነቀ ተበልቷል፤ ማጠፊያው ራሱ ምሰሶው ላይ ከተንቀሳቀሰ ብሎኑ ላልቷል፤ ላሜራው አብሮ ከተንቀሳቀሰ ተሰንጥቋል፣ ያኔ ሥራው የብየዳ ነው።

ብዙዎች የሚቸኩሉት መያዣ ብረቱን ዝቅ አድርጎ ለማሰር ነው። በሩ ይዘጋል፣ መበላቱ ግን ይቀጥላል፣ ከፓራፋንጎው (ከፊት ጎማው በላይ ካለው ላሜራ) ጋር ያለው ክፍተትም እንደተዛባ ይቀራል። ይህ ጥገና አይደለም።

ትክክለኛው ሥራ መያዣ ብረቱን ፈትቶ በሩ በነጻነት እንዲንጠለጠል ከማድረግ ይጀምራል። ማጠፊያው ያረፈበትን ዙሪያ ምልክት ማድረግ፣ በሩን ከሥር በክሪክና በእንጨት መደገፍ፣ የበሩን ገመድና ሽቦ መፍታት፣ ከዚያ አንድ አንዱን ማጠፊያ በየተራ መሥራት። ፒኑ የሚወጣ ዓይነት ከሆነ ከቡሹ ጋር አብሮ ይቀየራል፤ ልኩ ካልተገኘ ቶርኖ ቤት ከነሐስ ያስቀርጹታል። ፒኑ ተጠርቅሞ የተገጠመ ከሆነ ማጠፊያውን በሙሉ መቀየር ይሻላል። አዲስ ፒን በአሮጌ ቡሽ ውስጥ ማስገባት ድካም ብቻ ነው።

መልሶ ሲታሰር ብሎኖቹን ጨርሶ ሳያጠብቁ በሩን በክሪክ 1 ወይም 2 ሚሊ ሜትር ማንሳት፣ ብሎኖቹን አጥብቆ በሩን መዝጋት፣ ክፍተቱ ከላይ እስከ ታች እኩል መሆኑን ማየት። ካልሆነ ደግሞ ማላላት። መያዣ ብረቱ የሚመለሰው በመጨረሻ ነው፤ መቆለፊያው መሃሉን ይዞ ሳያነሳውና ሳይጫነው ሲገባ ልክ መጥቷል።