ተጠባባቂው ካቸር

በቤዝቦል ከመቺው ጀርባ ቁጢጥ ብሎ ወርዋሪው የሚልከውን ኳስ የሚቀበለው ተጫዋች ካቸር ይባላል። ከቡድኑ ዘጠኝ ሰዎች ፊቱን ወደ ሌሎቹ ስምንት ያዞረው እሱ ብቻ ስለሆነ ጨዋታውን ሙሉውን የሚያየው እሱ ነው። በአሜሪካ ሜጀር ሊግ አንድ ክለብ ከሚይዛቸው 26 ተጫዋቾች አብዛኛውን ጊዜ ሁለቱ ካቸሮች ናቸው። እዚህ የምናነሳው ሁለተኛውን ነው፤ በእግር ኳስ ተጠባባቂ በረኛ የምንለው ዓይነት፣ ግን ማሊያ ሲቀያይር የሚኖር። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ወርዋሪው የሚቆመው 18.44 ሜትር ርቆ ነው። በሰዓት 150 ኪሎ ሜትር የምትበር ኳስ ካቸሩ ዘንድ ለመድረስ ግማሽ ሰከንድ አይፈጅባትም። ፊቱን በጭምብል፣ ደረቱንና ቅልጥሙን በመከላከያ ይሸፍናል። ግራ እጁ ወፍራም የቆዳ ጓንት ውስጥ ናት። ቀኙን ደግሞ ዱላ ጫፍ ነክታ አቅጣጫ የቀየረች ኳስ አውራ ጣቱን እንዳትሰብረው ከኋላው ይደብቃል። በአንድ ጨዋታ ከመቶ ጊዜ በላይ ቁጢጥ ብሎ ይነሳል። ጉልበት የሚያልቀው እዚህ ላይ ነው፤ ሁለተኛ ሰው ማስፈለጉም ከዚሁ የመጣ ነው።

ቀጥሎ ምን ዓይነት ኳስ ይወርወር የሚለውን ካቸሩ ለዘመናት በጣት ምልክት ይናገር ነበር፤ ከ2022 ወዲህ በቁልፍ የሚሠራ ትንሽ መሣሪያ ተፈቅዷል። መቺው ሊመታት በሚገባው ክልል ጠርዝ ላይ ያረፈችን ኳስ ጓንቱን በስሱ ወደ ውስጥ ስቦ ዳኛውን «ገብታለች» ማሰኘትም ራሱን የቻለ ሙያ ነው። ከ2026 ጀምሮ የዳኛውን ውሳኔ በካሜራ ማስፈተሽ ስለተፈቀደ ግን የዚህ ጥበብ ዋጋ መቀነሱ የሚቀር አይመስለኝም።

የሜጀር ሊግ ዝቅተኛ የዓመት ደመወዝ በ2025 760,000 ዶላር ነበር። አንድ እርከን ዝቅ ብሎ ትሪፕል ኤ በሚባለው ሊግ ደግሞ በ2023 የተፈረመው ስምምነት ያስቀመጠው ዝቅተኛ ክፍያ 35,800 ዶላር ገደማ ነው። ተጠባባቂው ካቸር በነዚህ ሁለት ቁጥሮች መካከል ሲመላለስ ይኖራል፤ የአንደኛው ካቸር ጣት ሲሰበር ይጠራል፣ ጣቱ ሲድን ይመለሳል። ላይኛው ሊግ ውስጥ 43 ቀን የሞላው ሰው የጡረታ መብት ስለሚያገኝ ቀን መቁጠሩ የዋዛ ነገር አይደለም።

ከነዚህ ሰዎች ሁሉ ታሪኩ የሚያስገርመው ሞ በርግ ነው። በ1902 ኒው ዮርክ ተወልዶ ኒውአርክ ያደገ፣ የፋርማሲስት ልጅ የሆነ አይሁዳዊ ነው። ፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ ቋንቋ አጥንቶ በተመረቀበት በ1923 ለብሩክሊን መጫወት ጀመረ፤ ያኔ ካቸር አልነበረም። በ1927 የቺካጎ ዋይት ሶክስ ካቸሮች ተራ በተራ ተጎድተው ሲያልቁ ቦታውን ያዘ፣ በዚያው ቀረ። በጎን ኒው ዮርክ ባለው ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ሕግ ይማር ነበር። በ1930 ጉልበቱ ሲጎዳ ቋሚ ተሰላፊነቱ አበቃና ወደ ክሊቭላንድ፣ ወደ ዋሽንግተን፣ እንደገና ወደ ክሊቭላንድ፣ በመጨረሻም ወደ ቦስተን ዞረ። በ15 የውድድር ዘመን 663 ጨዋታ፣ 6 ሆም ራን (ኳሷን ከሜዳው አጥር ማሻገር) ብቻ። ሰባት ቋንቋ ያውቃል፣ በአንዱም መምታት አይችልም ተብሎ ተቀልዶበታል። ክለቦች ያልጣሉት ግን በከንቱ አይደለም፤ ከ1931 እስከ 1934 በ117 ተከታታይ ጨዋታ አንድ ስህተት አልተመዘገበበትም።

በየቀኑ ብዙ ጋዜጣ ይገዛ ነበር። አንብቦ ሳይጨርስ ሌላ ሰው ከነካበት ያ ጋዜጣ «ሞቷል»፤ ሌላ ይገዛል። በ1934 ከዘመኑ ዝነኛ መቺዎች ከቤብ ሩትና ከሉ ጌሪግ ጋር ጃፓን በሄደው ቡድን ተካቶ፣ ቶኪዮ ውስጥ ሆስፒታል ጣሪያ ላይ ወጥቶ ከተማዋን በፊልም ቀረጸ። በጦርነቱ ጊዜ ኦ.ኤስ.ኤስ. የተባለውን የአሜሪካ የስለላ ድርጅት ተቀላቀለ። ዲሴምበር 1944 ዙሪክ ውስጥ የጀርመኑ የፊዚክስ ሊቅ ሃይዘንበርግ ንግግር ሲያደርግ፣ በርግ ሽጉጥ ይዞ ከአድማጮች መካከል ተቀምጦ ነበር። ጀርመን አቶሚክ ቦምብ ለመሥራት መቃረቧን ከተረዳ እንዲገድለው ነበር የታዘዘው። አልተኮሰም።

ቦብ ዩከር ደግሞ ድክመቱን እንጀራ አደረገው። ከ1962 እስከ 1967 በ297 ጨዋታ ተሰልፎ፣ በአማካይ ከአምስት ሙከራ አንዱን ብቻ ነው የመታው። ሳትሽከረከር እየተወዛወዘች የምትመጣውን ናክልቦል እንዴት ትይዛለህ ሲሉት፣ መንከባለሏን እስክታቆም ጠብቆ ማንሳት ነው ይል ነበር። ከ1971 ጀምሮ እስከ ሕይወቱ መጨረሻ ድረስ የሚልዋኪ ብሩወርስን ጨዋታዎች በሬዲዮ አስተላልፏል። ብሩስ ቦቺም ከ1978 እስከ 1987 ለሦስት ክለቦች ተጠባባቂ ካቸር ነበር፤ በአሠልጣኝነት አራት ጊዜ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ፣ ሦስቱን ከሳን ፍራንሲስኮ፣ አንዱን ከቴክሳስ ጋር።

በቅርቡ ዘመን የዚህ ሙያ ሁነኛ ምሳሌ ኤሪክ ክራትዝ ይመስለኛል። በ2002 ክለቦች አዳዲስ ተጫዋቾችን ተራ በተራ በሚመርጡበት ምልመላ በ29ኛው ዙር ተመረጠ፤ ሜጀር ሊግ የደረሰው ግን በ2010፣ በ30 ዓመቱ ነው። በጠቅላላው ለ9 ክለቦች ተሰለፈ። በ2018 ሚልዋኪ ከኮሎራዶ ጋር በጥሎ ማለፍ ሲገናኝ፣ በ38 ዓመቱ ከ8 ሙከራ 5ቱን መታ። በሚቀጥለው ዓመት ሳን ፍራንሲስኮ ነበር፤ የውድድር ዘመኑ ሳይጋመስ ደግሞ ታምፓ ቤይ።