«ማካሬና በአንድ ሌሊት ታወቀ» ለምትሉኝ

ሠርግ ላይ ሙዚቃ አጫውታለሁ። ሽማግሌውንም ሕፃኑንም እኩል ከወንበር የሚያስነሣ ዘፈን ስፈልግ እጄ ማካሬና ላይ ያርፋል። እጅ ወደፊት፣ ትከሻ፣ ጭንቅላት፣ ወገብ። የማያውቀው የለም። ችግሩ ዘፈኑ ካለቀ በኋላ ነው። አንዱ ብርጭቆውን ይዞ ይጠጋኝና የዘፈኑን ታሪክ ያስረዳኛል። ሁልጊዜም ተሳስቶ።

«የሜክሲኮ ዘፈን ነው።» ዘፋኞቹ ስፔናውያን ናቸው፣ ሴቪያ አጠገብ ካለችው ዶስ ኤርማናስ። ማካሬናም የሴቪያ ሰፈር ስም ነው።

«ዳንሱ የስፔን ባህላዊ ጭፈራ ነው።» አይደለም። በቪዲዮው ላይ ያለውን ዳንስ ያቀናበረችው ሚያ ፍራይ ናት።

«መሐል ላይ የምትስቀው ራሷ ማካሬና ናት።» እንግሊዛዊቷ አሊሰን ሞየት ናት። ሳቋ ያዙ የሚባለው ቡድኗ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1982 ካወጣው ዘፈን ተቆርጦ የገባ ነው።

«የልጆች ዘፈን ነው።» ወይ ጉድ! በግጥሙ ውስጥ ማካሬና ፍቅረኛዋ ቪቶሪኖ ለውትድርና ቃለ መሐላ ሲፈጽም ከሁለት ጓደኞቹ ጋር ዓለሟን ስትቀጭ የነበረች ልጅ ናት። አንዲት እናት ለልጃቸው 6ኛ ዓመት ልደት «ጨዋ ጨዋውን አጫውትልን» ካሉኝ በኋላ በስም የጠሩልኝ ይህንኑ ነው። ምን ልበል? አጫወትኩ።

አሁን ደሜን ወደምታፈላው ልምጣ። «ሁለት ሽማግሌዎች ዕድል ቀናቸውና በአንድ ዘፈን፣ በአንድ ሌሊት ታወቁ።» ይህችን በተለይ ከጀማሪ ዘፋኞች እሰማለሁ።

የማካሬና ዘፋኞች ሎስ ዴል ሪዮ፣ ማለትም አንቶኒዮ ሮሜሮ እና ራፋኤል ሩይስ፣ አብረው መዝፈን የጀመሩት በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1962 ነው። ማካሬና ሳይኖር 30 ዓመት ዘፍነዋል። በ1992 ቬንዙዌላ ሄደው ካራካስ ውስጥ አንድ ባለጸጋ ቤት ተጋበዙ። እዚያ ዲያና ፓትሪሲያ ኩቢያን የምትባል የፍላሜንኮ ዳንሰኛ ስትጨፍር አንቶኒዮ ወዲያው ስንኝ ወረወረላት። ሰውነትሽን ደስ አሰኚው ዓይነት ነገር። ያቺ ስንኝ ናት ያደገችው። መጀመሪያ የተጠራው የዳንሰኛዋ ስም ነበር፣ ማካሬና በኋላ መጣ።

ዘፈኑ በ1993 ወጣ። ስፔን ወደደችው፤ አሜሪካ ግን ገና አልሰማችውም።

ከዚያ ዲጄ ገባበት። አዎ፣ ዲጄ። የሙያዬ ጉዳይ ስለሆነ ደግሜ እላለሁ፣ ዲጄ! ጆኒ ካሪዴ የተባለ የማያሚ ዲጄ ጭፈራ ቤት ውስጥ ሰው በዘፈኑ እንዴት እንደሚሆን አየ። ወደሚሠራበት ሬዲዮ ይዞት ሲሄድ አለቆቹ እንግሊዝኛ ያለው ካልሆነ አሉት። ስለዚህ ከካርሎስ ደ ያርሳ እና ከማይክ ትራይ ጋር ሆኖ እንግሊዝኛ ስንኝ ጨመሩበት፣ ምቱንም አደሱት። በ1995 የወጣው የቤይሳይድ ቦይስ ሪሚክስ ይኸው ነው። እናንተ የምትጨፍሩበትም እሱ ነው።

ታዲያ እሱስ በአንድ ሌሊት ሆነ? ቢልቦርድ የሚባለው የአሜሪካ የዘፈኖች ደረጃ ሰንጠረዥ ውስጥ ከገባ በኋላ 1ኛ ለመሆን 33 ሳምንት ፈጀበት። ነሐሴ 1996 ላይ ከደረሰ በኋላ ግን 14 ሳምንት ከቦታው አልተነቃነቀም። በዚያው ወር ቺካጎ ውስጥ የአሜሪካ ዴሞክራቲክ ፓርቲ ጉባኤ ላይ ተወካዮቹ ሲጨፍሩበት ሰነበቱ። ምክትል ፕሬዚዳንቱ አል ጎር ደግሞ የራሴን ማካሬና ላሳያችሁ ብለው እንደ ግንድ ተገትረው ቆሙ። ቀጥለውም ልድገመው ወይ ብለው ጠየቁ።

አንድ ወጣት ዘፋኝ ፍላሽ ይዞ መጥቶ «ወንድሜ፣ አንዴ ብቻ ልቀቅልኝ፣ እንደ ማካሬና ይፈነዳል» አለኝ። ለቀቅኩለት። እንግዳው ሁሉ ቀስ እያለ ወደ ቡፌው ሄደ። ልጁም በዚያው ቀረ።

ዘፈኑ መጥፎ አልነበረም እኮ። መግቢያው ግን አንድ ደቂቃ ሙሉ ዋሽንት ነው። ሰው ቆሞ እጁን የት እንደሚያደርግ ግራ ገባው። ዘፋኝ ከሆንክ መድረክ ሥር ቆመህ የሰው እግር የቱ ጋ እንደሚቆም እይ። እዚያ ጋ ቁረጥ። በሚቀጥለው ሠርግ ደግሞ ሞክረው፣ ከዚያም በሌላው።

ያ ልጅ ይህን ካነበበ ፍላሹ እኔ ጋ ነው። ዋሽንቱን አሳጥሮ ይምጣ።