«ፓይለታቸውን ስለገደልን ነው» ለምትሉ

አስጎብኚ ነኝ። መስመሬ ከአራት ኪሎ ስድስት ኪሎ ነው፤ ከሚያዝያ 27 ሐውልት ተነስቼ ሽቅብ ወደ የካቲት 12። ፈረንጅ ጥያቄ ቢያበዛ አይከብደኝም። የሚያደክመኝ የኛው ሰው ነው። ጣሊያን በ1928ቱ ወረራ ስለረጨችብን መርዝ ጋዝ ማውራት ስጀምር አንዱ ከኋላ ጣልቃ ይገባና «እሱማ እኛ ፓይለታቸውን አንገቱን ስለቆረጥነው ነው» ይላል። ሌላው ራሱን ይነቀንቃል። እኔ ደሜ ይፈላል። አንዴ ጽፌው ልገላገል።

በመጀመሪያ ቀላል ቀላሉን ላራግፍ።

«የተገደለው የሙሶሊኒ ልጅ ነው።» አይደለም። ብሩኖ ሙሶሊኒ ኢትዮጵያ ላይ መብረሩ እውነት ነው። የሞተው ግን ነሐሴ 1933 ዓ.ም. አገሩ ላይ፣ ፒሳ አጠገብ፣ ቦምብ ጣይ አውሮፕላን ሲሞክር ነው። 23 ዓመቱ ነበር።

«በአየር ላይ ውጊያ ተመትቶ ወደቀ።» ማን መታው? ያኔ የነበሩን ጥቂት አውሮፕላኖች መልእክትና ሰው የሚያመላልሱ ነበሩ። ጥቁር አሜሪካዊው ኮሎኔል ጆን ሮቢንሰን የበረሩትም እነዚያን ነው። እሳቸውም በጦርነቱ አልሞቱም። በ1946 ዓ.ም. እዚሁ አዲስ አበባ በደረሰ የአውሮፕላን አደጋ ነው ያረፉት።

አሁን ወደ ዋናው። ፓይለቱ ቲቶ ሚኒቲ ይባላል። የደቡብ ጣሊያን፣ የካላብሪያ ሰው ነው፤ ገና 26 ዓመቱ፣ ማዕረጉ ምክትል መቶ አለቃ። ታኅሣሥ 16 ቀን 1928 ዓ.ም. ኦጋዴን ውስጥ ደገሃቡር አካባቢ ለቅኝት ሲበር መሬት ለመውረድ ተገደደ። እሱም አብሮት የነበረው ባልደረባውም ተገደሉ። ጣሊያን «አሠቃይተው አንገቱን ቀሉት» ብላ ለመንግሥታቱ ማኅበር ከሰሰች። አገዳደሉን በተመለከተ የምስክሮቹ ቃል እርስ በርሱ ይጋጫል። ምርኮኛ ሆኖ ከተገደለ ነውር ነው፤ እኔ ለነውር ጥብቅና አልቆምም። ከአራት ቀን በኋላ፣ ታኅሣሥ 20፣ የግራዚያኒ አውሮፕላኖች መልካ ዲዳ ላይ የስዊድን ቀይ መስቀልን ሆስፒታል ደበደቡ። የጣሏቸው ወረቀቶች የፓይለቱን ሞት ይጠቅሱ ነበር። የፓይለቱ ነገር ከበቀል ጋር የተያያዘው ከዚህ ነው።

ጋዙ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ቀን እንቁጠር።

ሙሶሊኒ ግራዚያኒን «የጠላትን መከላከል ለመስበር በመጨረሻ ጋዝ መጠቀም ትችላለህ» ብሎ በቴሌግራም የፈቀደለት ጥቅምት 16 ነው። ሚኒቲ ከመሞቱ ድፍን ሁለት ወር በፊት። ያን ቀን ልጁ በሕይወት ነበር፣ እየበረረ ነበር።

ታኅሣሥ 13 ደግሞ ተከዜ ላይ የራስ እምሩ ጦር ጋዝ ወረደበት። ራስ እምሩ ራሳቸው መስክረዋል። ጠዋት አውሮፕላኖቹ መጡ፤ የጣሉት ነገር እንደ ወትሮው ቦምብ አልፈነዳም፤ መሬት ሲነካ ተሰንጥቆ ቀለም የሌለው ፈሳሽ ረጨ። ከዚያ የሰዉ እጅ፣ እግርና ፊት ውኃ ቋጠረ። የአያቴ ወንድም ከጎጃም ከዘመቱት ጋር እዚያ ነበሩ። እግራቸው እስከ ዕለተ ሞታቸው ጫማ አልቻለም። ተከዜ ሰሜን ነው፤ ደገሃቡር ምሥራቅ። ሚኒቲ የሞተው ከሦስት ቀን በኋላ ነው። ገና ያልሞተ ሰው ብድር እንዴት ይመለሳል?

ቀኑን ተውት። የሰናፍጭ ጋዝ ቦምብ በጥቂት ቀን ተሠርቶ፣ በመርከብ ተጭኖ፣ ስዊዝን አቋርጦ፣ ምጽዋ ወርዶ ጦር ሜዳ አይደርስም። አንዱ ቦምብ ብቻ 200 ኪሎ ያህል ጋዝ ይይዝ ነበር። አስቀድሞ ታስቦበት የተጫነ ዕቃ ነው። ጣሊያን ደግሞ መርዝ ጋዝን የሚከለክለውን የጄኔቫ ስምምነት በ1920 ዓ.ም. አጽድቃለች። ፓይለት ተገደለብኝ ብሎ ገበሬ ላይ ጋዝ መርጨት ይቻላል የሚል ነገር ውሉ ውስጥ የለም።

በነገራችን ላይ፣ ጃንሆይ ሰኔ 1928 ጄኔቫ ላይ የተናገሩትን ያላነበባችሁ አንብቡት። አውሮፕላኖቹ ዘጠኝ፣ አሥራ አምስት፣ አሥራ ስምንት ሆነው ተሰልፈው እንደ ጉም ሲረጩ ይነግሯችኋል። ወንዙን፣ ሐይቁን፣ ግጦሹን ጭምር።

ለጀማሪ አስጎብኚዎች ደግሞ አደራ፤ አትጩኹ። እኔ ጮኼ አይቼዋለሁ፣ አይሠራም። ሦስቱን ቀኖች ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ኪሳችሁ ያዙ፦ ጥቅምት 16፣ ታኅሣሥ 13፣ ታኅሣሥ 16። ሰውየው «ፓይለቱን...» ሲል ወረቀቱን ስጡትና ራሱ በቅደም ተከተል ያንብብ። ባለፈው አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ እንዲህ ሳደርገው ሁለት ጊዜ አነበበና «ታዲያ ለምን እንዲህ ይባላል?» አለኝ።

የሚባለውማ ሮም ስለፈለገችው ነው። ለልጁ የወርቅ ሜዳሊያ ሰጠች፤ የሬጆ ካላብሪያ አውሮፕላን ማረፊያም በስሙ ይጠራል። ጋዙን ግን የጣሊያን መከላከያ ሚኒስትር በይፋ ያመኑት በ1988 ዓ.ም. ነው። ከተከዜ 60 ዓመት በኋላ።